የአራስ ቤት ጥላና የመተማ ፀሐይ

በጎንደር ደጋና ከሥሩ እስከ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው ቆላ አዲስ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ ሳምንታቱን የሚያሳልፈው ለዘመናት በጥላ ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያው እናትም ልጅም ከደጃፍ ብዙ አይርቁም። በሙስሊሙ ዘንድም አራስ አርባ ቀን ትታረሳለች። ልማዱን ከሁሉ አጥብቀው የያዙት የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ወላዷ ከመንደሩ ዳር በተቀለሰ የአራስ ጎጆ ትገባና ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ቆይታ፣ ታጥባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የቀኑ ቁጥር ምንጭ በክርስቲያኑም በቤተ እስራኤልም ዘንድ አንድ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66 ቀን ይቆጥራል።

የአራሷ መኝታ በመጋረጃ ይከለላል። ጎረቤት በየተራ ገንፎ ያገነፋል፣ አጥሚት ያፈላል። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጎን ይተኛል፤ እርግብግቢቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግለታል፤ ከራስጌው ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት አይጠፋም። መውጣት ግድ ከሆነ ፊቱ በነጠላ ይሸፈናል። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በስተጀርባ ሁለት ፍርሃቶች አሉ። አንደኛው ዓይን ነው፤ ሕፃን በቡዳ ይበላል ተብሎ ይፈራል፣ ብረቱም የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ምች ነው፤ ሰው ላብ ላይ ሳለ ወይም ምግብ በልቶ፣ ቅባት ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ይይዘዋል የሚባል ሕመም ሲሆን፣ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይጠጣበታል፣ ይታሻል። አራስና ሕፃን ደግሞ ለምች ከሁሉ የተጋለጡ ናቸው ተብሎ ይታመናል።

ይህን ልማድ በጥቅሉ ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። እናት ከከባድ ሥራ ታርፋለች፣ ትጠግባለች፣ ጨቅላው ብዙ እጅና ብዙ ትንፋሽ ሳይነካው ይቆያል፤ ክትባትና መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጉዳቱ የሚመጣው ጥላው ከአርባና ከሰማንያ ቀን አልፎ ለወራት ሲራዘም ነው። የደጋው ቤት ራሱ ጥላውን ያበረታል። የሣር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ በር፣ መስኮት የሌለው፣ ከምድጃው በሚወጣ ጭስ የጠቆረ ጣራ። ክረምት ሲገባ ሰማዩም ይከደናል፤ ብርድ ስላለ ሕፃኑ ከነመጠቅለያው ይታዘላል።

ጥላው የሚነፍገው ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ነው፤ ይህ ቫይታሚን በምግብ በኩል የሚገኘው ጥቂት ነው። በብዛት ያለው በቅባታም የባሕር ዓሣ፣ በመጠኑም በጉበትና በእንቁላል አስኳል ውስጥ ነው። የደጋው ገበሬ ማዕድ እነዚህን እምብዛም አያውቃቸውም፤ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ ጾሙም በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ ያርቃል። እንጀራ ካልሲየም አለው፣ ነገር ግን እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የካልሲየሙን ከፊል አስሮ አንጀት እንዳይቀበለው ያደርጋል። ስለዚህ በዚህ አገር ቫይታሚን ዲ የሚገኘው በዋናነት ከቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ሳያይ አይሠራውም።

ጥላው የበዛበት ሕፃን የሚይዘው በሽታ ሪኬትስ ነው። እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይዘገያል፤ ጥርሱ ዘግይቶ ይወጣል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ የጎድን አጥንቶቹ ከፊት ከደረት አጥንት ወገን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ያጎጠጉጣሉ። ሲቆም እግሩ ወደ ውጭ ይለመጣል ወይም ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገጥማል። ደረቱ ስለሚለሰልስ ሳንባውም ይደክማል።

በአውሮፓ ይህ በሽታ በመጽሐፍ የተመዘገበው ቀድሞ ነው። እንግሊዛዊው ዳንኤል ዊስለር በ1645 እ.ኤ.አ. በላይደን የመመረቂያ ጽሑፍ አድርጎታል፤ ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 ሰፊ መጽሐፍ ጽፎበታል። መንስኤው ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ተሰውሮ ቆየ። ፖላንዳዊው ሐኪም የንጄይ ሽኒያዴትስኪ በ1822 የዋርሶ ከተማ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ ለምን እንደሚታመሙ ሲጠይቅ መልሱን በፀሐይ ላይ አገኘ፤ የሰማው ግን አልነበረም። ቲዮባልድ ፓልም የተባለው ሐኪም በጃፓን ኖሮ ሲመለስ፣ በ1890 የእስያ ድሆች ልጆች ከእንግሊዝ ልጆች የባሰ እየተራቡ ሪኬትስ የማይዛቸው ፀሐይ ስለሚያገኙ ነው ሲል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ በርሊን ላይ በአልትራቫዮሌት መብራት ልጆችን አዳነ፤ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን በዓሣ ጉበት ዘይት ከሪኬትስ ጠበቀ፤ በ1922 ኤልመር ማኮላም ዘይቱ ውስጥ ያለውን ነገር ቫይታሚን ዲ ብሎ ሰየመው። ሁለት የማይመሳሰሉ መድኃኒቶች፣ ብርሃንና ዘይት፣ አንድ ሥራ የሚሠሩበት ምሥጢር የተፈታው ቆዳ ውስጥ ያለ ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር በአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ቫይታሚን ዲ እንደሚለወጥ ሲታወቅ ነው።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ቆዳ የሚሠራው ቫይታሚን ዲ እንዳለ ሥራ አይሠራም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሄክተር ደሉካና ባልደረቦቹ ቫይታሚኑ በመጀመሪያ ጉበት ውስጥ አንድ ለውጥ እንደሚደረግበት አሳዩ። በ1970 ደግሞ ዴቪድ ፍሬዘርና ኤጎን ኮዲቼክ ካምብሪጅ ላይ ኩላሊታቸው በወጣ አይጦች ላይ ሙከራ ሠርተው ወሳኙ የመጨረሻ ለውጥ ኩላሊት ውስጥ እንደሚካሄድ አረጋገጡ። ከኩላሊት የሚወጣው ካልሲትሪዮል የተባለው ንጥረ ነገር በደም ተጉዞ ሩቅ ባለ አካል ላይ ትእዛዝ የሚፈጽም ሆርሞን ነው። ከዚህ ግኝት በኋላ ኩላሊት ሽንት አጣሪ ብቻ ሳይሆን የሆርሞን አካል መሆኑ ይበልጥ ጎላ፤ ቀድሞም በ1898 ሮበርት ቲገርስቴት የደም ግፊት የሚያንረውን ሬኒን ከኩላሊት አውጥቶ ነበር፣ በ1957ም ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዘው ኤሪትሮፖይቲን መነሻ መሆኑ ተደርሶበታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም አጣርተው አብዛኛውን መልሰው ይወስዳሉ። ከሚጣራው ውስጥ ከተሸካሚ ፕሮቲኑ ጋር የተጣበቀው፣ ጉበት ያለፈበት ቫይታሚን ዲ ይገኛል። በኩላሊቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሜጋሊን በሚባል ተቀባይ ይዘው ያስገቡታል፣ አልፋ ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይምም ወደ ካልሲትሪዮል ይለውጠዋል። ሆርሞኑ ወደ አንጀት ሄዶ ካልሲየምና ፎስፈረስ ከምግብ እንዲሰበሰብ ያደርጋል። የኢንዛይሙን ሥራ የሚያፈጥነውና የሚያዘገየው ሌላ ነው፤ አንገት ውስጥ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ካልሲየም ሲጎድል በሆርሞናቸው ያፈጥኑታል፣ አጥንት የሚያመነጨው ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 23 ደግሞ ፎስፈረስ ሲበዛ ያዘገየዋል።

ቫይታሚን ዲ ሲጎድል የመጀመሪያው ለውጥ ብዙውን ጊዜ በኩላሊት ሆርሞን ላይ አይታይም። አንጀት በቂ ካልሲየም ስለማይወስድ የደሙ ካልሲየም ዝቅ ሊል ሲል ፓራታይሮይድ ይነቃል። ሆርሞኑ አጥንትን አስለቅቆ ካልሲየም ያወጣል፤ ኩላሊትን ደግሞ ሁለት ነገር ያዝዘዋል፦ ካልሲየምን ያዝ፣ ፎስፈረስን በሽንት ጣል። ኢንዛይሙም ይፋጠንና ከቀረው ጥቂት ቫይታሚን ብዙ ካልሲትሪዮል ይሠራል። ለዚህ ነው እጥረት ያለበት ሰው ካልሲትሪዮሉ ቢለካ መደበኛ፣ አንዳንዴም ከመደበኛ በላይ ሆኖ የሚገኘው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ የተሳሳተ ምርመራ ያዝዝና ደህና ነህ ብሎ ይልካል። መለካት ያለበት ጉበት የሠራው፣ በደም ውስጥ ሳምንታት የሚቆየው ዓይነት ነው።

ሩጫው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፎስፈረስ በሽንት ስለሚፈስ አጥንቱ የሚጠነክርበት ማዕድን ያጣል፤ በሕፃን ሪኬትስ፣ በአዋቂ ኦስቲዮማላሲያ የሚሆነው በዚህ ነው። ቫይታሚኑ ፈጽሞ ሲያልቅ የሚለወጥ ነገር ስለማይኖር ካልሲትሪዮልም ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ የደሙ ካልሲየም ወድቆ ሕፃኑ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተነቃ ፓራታይሮይድ ደግሞ ከመጠን በላይ ያድጋል፤ ሆርሞኑ ሲበዛ የአጥንት መቅኔ ለኤሪትሮፖይቲን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፣ ደም ማነስም ይከተላል። ሬኒንን በተመለከተ በ2002 የወጣ ጥናት የቫይታሚን ዲ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ሬኒናቸው እንደሚበዛና የደም ግፊታቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። በሰው ላይ ግን ቫይታሚን ዲ መውሰድ ግፊትን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያወርድ የተደረጉት ሙከራዎች አላረጋገጡም፤ የቫይታሚን ዲ እንክብል ለግፊት የሚሸጥ ካለ ከዚህ በላይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይገባል።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ዘመናዊ ሕክምና በአካባቢው ሥር የሰደደው በወረርሽኝ ምክንያት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ የተነሣው ወባ ሰባት ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ፈጀ፤ በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ ኮሚዩኒቲ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በአንድ ቡድን ሠልጥነው ወደ ክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያዎች ተሰማሩ። ሐኪም ያላየውን ቤት አንኳኩተው የገቡት፣ አራስ ቤት ውስጥ ያለውን ጨለማም ከተማ ከተቀመጠው ሐኪም ይልቅ በቅርብ የማየት ዕድል ያገኙት እነሱ ናቸው።

ሪኬትስ በኢትዮጵያ ጽሑፍ ውስጥ በጉልህ የገባው ግን በአዲስ አበባ በኩል ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የስዊድን ሐኪሞች የተሳተፉበት ስለ ኢትዮጵያ ሪኬትስ የተጻፈ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በ1973 ደግሞ በሕፃናት ላይ ስለሚታየው ከባድ ሪኬትስ ሌላ ጥናት በውጭ አገር መጽሔት ታተመ። ጊዜው ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የፈጠሩት የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ መፈክር በቱሪዝም ፖስተር ላይ የሚያበራበት ዘመን ነበር። ፖስተሩና የሕፃናት ክፍሉ የተለያየ አገር ያሳዩ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዶክተር ሉሉ ሙሔና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ከአምስት ዓመት በታች የሆኑና የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናትን ሳንባቸው ደህና ከሆነ 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታማሚዎቹ 210፣ ከሌሎቹ ግን 20 ብቻ ሪኬትስ ተገኘባቸው። ሌሎች ምክንያቶች ከተቀነሱ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ አሥራ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ላንሴት ላይ የታተመው ይህ ውጤት ሪኬትስ የእግር መወላገድ ብቻ አለመሆኑን፣ ልጅ የሚገድል ጉዳይ መሆኑን ለዓለም አሳወቀ። በ1999 ደግሞ ኢትዮጵያውያንንና ኖርዌያውያንን ያነጻጸረ ጥናት በደም ውስጥ ያለው የቫይታሚን ዲ መጠን በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ዝቅ ያለ መሆኑን ገለጠ። ክረምቱን በጨለማ የሚያሳልፈው የሰሜን አውሮፓ ሰው ከኢትዮጵያዊው በለጠ ማለት ነው፤ ዓሣውና ቫይታሚን የተጨመረበት ምግቡ ፀሐዩን ተክተውለታል። በአዳማና በዙሪያው በተማሪዎች ላይ ተጠንቶ በ2015 የታተመው ሥራ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው፤ በአጠቃላይ 42 በመቶው እጥረት ነበረበት፤ በከተማ 61.8 በመቶ፣ በገጠር ግን 21.2 በመቶ። ሁሉም ያሉት ከአንድ ሰማይ ሥር ነው። ልዩነቱ የሚውሉበት ስፍራ ነው።

መተማ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሱዳኑ ገላባት ጋር ፊት ለፊት ይገኛል። በዚህ ኬክሮስ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ በሰሜን አውሮፓ ግን ለወራት ይጠፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ለማግኘት የሚቸገር አካባቢ አይደለም፤ ችግሩ ፀሐዩን መሸሽ ነው። ሰዉ ማልዶ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይፈልጋል፣ ማታ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል። ደጅ የሚያድረው ሰው ፀሐይ አያገኝበትም፣ የአሸዋ ዝንብ ግን ታገኘዋለች፤ እሷ የምታስተላልፈው ካላዛር በቆላው ውስጥ ሰው የፈጀው በዚህ ነው። 

የመተማ ሕዝብ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ገበያውን የያዙት ተክሩር ይባሉ ነበር፤ ከዳርፉርና ከዚያም ከምዕራብ ከመጡ ሙስሊሞች የተገኙ፣ ብዙዎቹ ከመካ ሐጅ ሲመለሱ የቀሩ ሰፋሪዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በገላባት ሲያልፍ አግኝቷቸዋል። መተማ የሐበሻ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ሱዳን የሚወርድበት፣ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ የሚወጣበት በር ነበር። ጉሙዝም በዙሪያው ይኖራል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በተዋጉበት ጦርነት ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ፤ ከተማው መተማ ዮሐንስ የሚባለው በእሳቸው ስም ነው። ወሰኑ በ1902 እ.ኤ.አ. ውል ተወሰነ።

የደጋው ሰው በብዛት የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሊጥና ጥጥ በሰፋፊ እርሻ መመረት ሲጀምር አጨዳና ለቀማ በመጣ ቁጥር የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ወደ መተማና ሁመራ ይጎርፋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሕዝብ በመተማና በቋራ አሰፈረ። ሠራተኛው ሰሊጥ ሲያጭድ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው፤ እርሱ ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት ማሰብ ያስቸግራል። አራስ ቤት ያለችው ሴትና ጨቅላዋ ግን ልማዳቸውን ከደጋ ይዘው የመጡ ናቸው። ቆላው ደግሞ ለልማዱ ሌላ ምክንያት ሰጠው፤ ደጋ ላይ ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ቤት ይቆይ ነበር፣ እዚህ ሙቀት እንዳይገድለው ተብሎ ይቆያል። የሙቀቱ ፍርሃት በእርግጥ መሠረት አለው፤ ጨቅላ በ40 ዲግሪ ሙቀት ቶሎ ውኃ ያጣል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ጠይም ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ ያነሰ ቫይታሚን ዲ በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ለተመሳሳይ ውጤት ረዘም ያለ የፀሐይ ጊዜ ይፈልጋል። ፀሐይ በበዛበት አገር ጥቁር ቆዳ ጥበቃ ነው፤ ያ ሰው በጥላ ከዋለ ግን የሚሰበስበው ጥቂት ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየው የቤተ እስራኤል ስደት ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጎንደር ዙሪያ ተነሥተው በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ ቆላ ወደ ሱዳን የተሻገሩት በእግራቸው፣ አብዛኛውን በሌሊት ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች አራት ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በኅዳር 1984 የተጀመረው ዘመቻ ሙሴ ስምንት ሺህ ገደማ ሰው ወደ እስራኤል ወሰደ፤ በግንቦት 1991 ዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አሻገረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ የእስራኤል ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ዘንድ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት እንደሚታይ፣ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አመለከተ። እስራኤል ፀሐይ የሞላባት አገር ናት። ኑሮው ግን ከማሳ ወደ ፎቅ ቤት ተዛወረ፤ አለባበሱ ሰውነትን የሚሸፍን ሆኖ ቀረ፤ በደጋው ገጠር ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የምታገኘው ፀሐይ ከሥራው ጋር አብሮ ጠፋ። የአራስ ጎጆዋ አርባና ሰማንያ ቀን በገጠር ሕይወት ውስጥ ከሌላው የፀሐይ ጊዜ ጋር ሲመዛዘን አጭር ነበር። አደጋው የተገኘው ዓመቱ በሙሉ ጎጆ ሲሆን ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ነገሩ ድርብ ይሆናል። ጨቅላው ሲወለድ የሚኖረው የቫይታሚን ዲ ስንቅ ከእናቱ የሚመጣ ነው፤ የእናት ወተት ደግሞ ከዚህ ቫይታሚን ጥቂት ብቻ ይዟል። እናቲቱ ከጎደለባት ልጁ ባዶ እጁን ወደ ጥላ ይገባል። በዚህ ላይ መተማ የሚያሳዝን ነገር አለው። ከነገለባው አንድ መቶ ግራም ሰሊጥ ከ900 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ይዟል፤ ከማንኛውም የአካባቢው እህል ይበልጣል። ምርቱ ግን በገበያ ሁመራ ጎንደር ተብሎ ተመድቦ አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል፤ አምራቹ ቤት በጾም ጊዜ ለፍትፍት የሚቀረው ጥቂት ነው። ኦክሳሌት ስላለው ካልሲየሙ በሙሉ አይወሰድም፣ ሆኖም ያገሬው ማዕድ ሰሊጥን ከያዘ የሚያገኘው ካልሲየም ከማሽላና ከበቆሎ ብቻ ከሚያገኘው ይሻላል።

ልማዱ በሁለት ትውልድ ውስጥ ብዙ ተለውጧል። በጤና ጣቢያና በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በኩል ሕፃን ፀሐይ እንዲሞቅ መምከር የተለመደ ሆነ፤ ዛሬ በከተማ በረንዳ ላይ ልብሱ ወልቆ በእናቱ ጭን የተጋደመ ጨቅላ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አንዳንዱ አፈጻጸም ግን ጉድለት አለው። በመስኮት መስተዋት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያሠራም፤ የሚፈለገውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋል። ፊትና መዳፍ ብቻ ተገልጦ ሌላው ተሸፍኖ ቢውል የሚገኘው ትንሽ ነው። ፀሐይ ገና ከአድማስ ስትወጣ ያለው ብርሃን ጨረሩ ደካማ ነው፤ ጥላ ከሰውየው ቁመት ሲያጥር ነው ቆዳ በደንብ የሚሠራው። በደጋ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ፀሐይ የተለመደው ምክር ነው። በመተማ ግን ሙቀቱ ቶሎ ስለሚከብድ ጊዜው አጭር፣ ልጁም ጡት እየጠባ፣ ራሱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰውነቱ ብቻ ብርሃን የሚያገኝበት አቀማመጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ነው። ኩላሊቱ በስኳር፣ በግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ሰው ፀሐይ ቢሞቅ፣ ጉበቱም ድርሻውን ቢፈጽም፣ የመጨረሻውን ለውጥ የሚያደርጉት ሕዋሳት ቁጥራቸው ቀንሷል። ፎስፈረስ ማስወገድ ስለሚሳነው ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 23 ይንራል፣ የቀረውንም ኢንዛይም ያዳክማል። ሽንቱ ፕሮቲን የሚያፈስ ከሆነ ቫይታሚኑ ከተሸካሚው ጋር አብሮ ይወጣል። በኤሪትሮፖይቲን መቀነስ ደሙ ያንሳል፣ በፓራታይሮይድ መናር አጥንቱ ይሳሳል። ሐኪሞች ይህን የአጥንት በሽታ የኩላሊት ሪኬትስ ብለው ያወቁት ኩላሊት ቫይታሚን ዲን እንደሚለውጥ ከመታወቁ አሥርት ዓመታት በፊት ነው፤ ምክንያቱ ግን ከ1970 በፊት አልተገለጠላቸውም። ለእንዲህ ያለው ታማሚ የሚሰጠው በኩላሊት ማለፍ የማያስፈልገው፣ የተጠናቀቀው ሆርሞን ራሱ ነው፤ ካልሲትሪዮል ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ እንደ መድኃኒት ተፈቅዷል። በሐኪም ክትትል ካልተወሰደ ካልሲየምን ከመጠን በላይ ስለሚያንር፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጠው እንክብል አይደለም።